በጥንዚዛው ደረት ላይ ያለችው መስመር

ሰኔ 4

የሥራ ክፍላችን ጣሪያ ዛሬም አፈሰሰ። ማዶ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስለረጠበ ጠረጴዛዬን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወደ በሩ አስጠግቼዋለሁ። መብራቴ ድሮ ከጠረጴዛው ማዶ በግድግዳው በኩል ይቆም ነበር፤ አሁን እርጥበቱ ስለሚያሰጋኝ ከራሴ ወገን፣ ከክንዴ አጠገብ አስሬዋለሁ። ምቹ አይደለም፤ ግን ይሠራል።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሥራ አይደለም። ለሥራው ሌላ መዝገብ አለኝ፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ እንዲያነበውም ተደርጎ ነው የተጻፈው። እዚህ የማኖረው በዚያ ሊጻፍ የማይገባውን ነው።

አሁን በእጄ ያለው ነገር ይህ ነው። የጥንት ሐይቅ ደለል ጠጥሮ የሆነው ስስ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በመካከሉ አንድ የውኃ ጥንዚዛ እንደ ወረቀት ተደፍጥጦ ይገኛል። በአንደኛው ግማሽ ላይ የአካሉ ጥቁር ሽፋን ቀርቷል፤ በሌላኛው ላይ ያለው ቅርጹ ብቻ ነው። የኋላ እግሮቹ የመቅዘፊያ እግሮች ናቸው፤ ስለዚህ ዋናተኛ ነበር። በደረቱ ላይ ግን ከመካከለኛው እግር መነሻ ወደ ኋለኛው የምትወርድ አንዲት ሰያፍ ቦይ አለች። እንዲህ ያለችው ስፌት፣ የደረት ሰሌዳዎች የሚጋጠሙባት መስመር፣ የምትገኘው በየብስ ጥንዚዛዎች ደረት ላይ ነው። ዋናተኞቹ ካጧት እጅግ ብዙ ዘመን ሆኗል።

የውኃ ጥንዚዛዎች ሁሉ አያቶቻቸው የየብስ ነበሩ፤ በዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ ወደ ውኃ የገቡት ስንት ጊዜ ነው የሚለው ነው። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይላል። እኔ ለሃያ ዓመት ሁለት ጊዜ ስል ኖሬያለሁ፤ ማስረጃ ስላልነበረኝም በየስብሰባው በትሕትና ተስቆብኛል። መቅዘፊያም ስፌትም ያለው ይህ ጥንዚዛ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ወደ ውኃ የገባ ነው፤ ከታወቁት የጥንዚዛ ቤተሰቦች፣ አስተኔ ከምንላቸው፣ በአንዱም ውስጥ አይመደብም። አዲስ አስተኔ ይሆናል፤ ስሙን የማወጣለትም እኔ ነኝ። የምርምር ጉባኤው በነሐሴ አጋማሽ ይሰበሰባል። እስከዚያ መጨረስ አለብኝ።

ሰኔ 9

መብራቱ ቦታውን ለቆ አገኘሁት። ከእኔ ወገን ተፈትቶ ማዶ፣ እርጥቡ ግድግዳ ጥግ ቆሟል። መልሼ አሰርኩት።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰዎች እጅ ነው።

ሰኔ 13

ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ቅጠሎ ነው። የቅጠል ቅሪተ አካል ስለሚያጠና ከተማሪነታችን ጀምሮ እንዲህ ይባላል። በአንድ መምህር ሥር ተምረን፣ በአንድ ዓመት ተቀጥረን፣ እነሆ እስከ ዛሬ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንሠራለን። እኔን ከኋላዬ «ዳኛዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልጠላሁትም፤ ሥራው ዳኛ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ሰዎች ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ ቃላቸውን እየመረጡ መሆናቸውንም አስተውላለሁ፤ ይህንን እንደ አክብሮት እወስደዋለሁ።

ዛሬ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እህት ዓለም፣ ብርሃኑ ተመችቶሻል?» አለኝ።

እንደተመቸኝ ነገርኩት። ከማዶ ቢሆን አይሻልም ወይ አለ። ግድግዳው እርጥብ መሆኑን አመለከትኩት። «እሱስ እርጥብ ነው» ብሎ ወደ ቅጠሎቹ ዞረ።

ነገሩ አልተዋጠልኝም። ይህ ሰው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ ምቾቴ ጠይቆኝ አያውቅም። ወንበሬ ሲሰበር እንኳ የሳቀ ሰው ነው። ስለዚህ መብራቱን ማን እንዳነሳው ተረዳሁ፤ ያልተረዳሁት ለምን እንደሆነ ነው። እኔ በሌለሁበት ድንጋዩን በራሱ ብርሃን ለመመልከት ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ሰኔ 20

በካሜራው ሥር፣ ከድንጋዩ ጎን፣ አንዲት የምስር ፍሬ።

በክፍሉ ውስጥ ምግብ እንዳይገባ በሩ ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ምስሯን በጣቴ አንስቼ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ሁለት ዓይን ያለው ማይክሮስኮፕ ለጥገና ከሄደ ወዲህ የምሠራው ምስሉን ወደ ስክሪን በሚያስተላልፈው በዚህ ካሜራ ብቻ ነው፤ እርሱም በቆሻሻ ከተበላሸ ሥራዬ ይቆማል።

ቅጠሎ ከሰዓት በኋላ፣ «ምስሯን አየሻት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳያፍር፣ በገዛ አፉ።

«አየኋት። ጣልኳት።»

«በስክሪኑ ነው ወይስ በዓይንሽ?»

በምን ማየቴ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ጠየቅኩት። መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ያየ ሰው ሳቅ አልነበረም።

በሥራዬ ላይ እየተሳለቀ ከሆነ እታገሠዋለሁ። እንድሳሳት እየሞከረኝ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለመለየት ተጨማሪ ምልከታ ያስፈልገኛል።

ሰኔ 21

የድንጋዩን ሁለት ግማሾች እንደገና መረመርኩ። ሽፋኑ በቀረበት ግማሽ ላይ መስመሯ ጎድጓዳ ናት። ቅርጹ ብቻ ባለበት ግማሽ ላይ ጉብ ብላለች፤ ቅርጽ የአካሉ ግልባጭ ነውና መሆን ያለበት እንዲሁ ነው። ሁለቱ ይስማማሉ። ከሁለት ምስክር በላይ ማን ይጠይቃል?

ሰኔ 27

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ባለቤቴ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ከእኔ በፊት ገብቶ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ ጀርባው ወደ እኔ ነው። «እኔም እኮ እፈራለሁ» ሲል ሰማሁት። ዘወር ሲል አየኝና፣ በኋላ እንደሚደውል ነግሮ ዘጋ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው አንድ ደንበኛ ነው አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ስክሪኑ ገና አልጠፋም ነበር። የቅጠሎን ስም አነበብኩ።

እራት ላይ ስለ ድንጋዩ አነሳ። እርሱ ስለ ድንጋይ አንስቶ አያውቅም። ሌላ ሰው አይቶት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው የሚባል ጥያቄ የለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው አብረን ከኖርን፤ ይህ ሰው ሲዋሽ መሐረቡን ያወጣል። አወጣው።

ከመተኛታችን በፊት ትከሻዬን ነካ አድርጎ ደክሞሻል አለኝ። አልደከመኝም። ነገር አለ፤ ከቤቴ ውስጥም ገብቷል።

ሐምሌ 3

የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ፤ ምንም አልጨምርም።

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በኮሪደሩ ሳልፍ የቅጠሎን ድምፅ ሰማሁ፤ ቆምኩ። «እኔ የምለው ድንጋዩ ከእጇ ወጥቶ ሌላ ሰው ይየው ነው። ከጉባኤው በፊት።» ኃላፊውም፣ የእርሱ ሙያ ቅጠል መሆኑን በትሕትና አስታወሱት። ቅጠሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁና ሄድኩ።

ድንጋዩ ከእጇ ወጥቶ።

ስለዚህ መብራቱ ተገለጠልኝ፤ ምስሯም፣ በረንዳውም። ስም የሚያወጣለት ሰው ድንጋዩ በእጁ ያለው ሰው ነው። ሃያ ዓመት የሳቁብኝ ሰዎች ፊት ቆሜ የምናገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር ሊቀማኝ የሚፈልግ ሰው ከጀርባዬ ተቀምጧል ማለት ነው። ቅጠል የሚያጠና ሰው ጥንዚዛ ምን ያደርግለታል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ቀላል ነው፤ በቅጠል አዲስ አስተኔ ካገኘ ቆይቷል።

ሐምሌ 6

ትናንት ድንጋዩን ወደ ቤት ወሰድኩ። በሻርፕ ጠቅልዬ፣ በእጅ ቦርሳዬ። ደንብ አይፈቅድም። ጥበቃ ነው።

ባለቤቴ ቦርሳዬ ለምን እንደከበደ ጠየቀ። መጻሕፍት ናቸው አልኩ። ከቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ አስቀመጥኩት። ጠዋት መልሼ ወሰድኩት። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላውን የያዝኩት ለቦርሳው ነው፣ እኔ በስብሼ ገባሁ።

መብራቱ ዛሬም ማዶ ነበር።

ሐምሌ 11

ጻፍኩ፤ አቀረብኩ። ለኃላፊው ያስገባሁት ማመልከቻ አንድ ገጽ ነው፤ በማስረጃ ያልተደገፈ ቃል የለበትም። ባልደረባዬ የምርምር ዕቃዬን በተደጋጋሚ እንደነካካ፣ በማጉያ መሣሪያዬ ሥር ባዕድ ነገር እንዳስቀመጠ፣ ያላለቀ ሥራዬን ለራሱ ሊወስድ እንዳሰበ የሚያመለክት ንግግር እንደተናገረ ገለጽኩ።

ኃላፊው ሁለታችንንም ጠሩን። ለዚህ ግኝት ያላቸው ጉጉት ትልቅ ነው፤ ለተቋሙ ስም እንደሚሆን ለበላዮቻቸው አስቀድመው ነግረዋል። ቅጠሎን ዕቃውን ነክቶ እንደሆነ ጠየቁት። መብራቱን አዎ አለ። ምስሩንም አዎ አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ወደ እኔ ተመለከተ፤ ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። እኔም አየሁት። ምናልባት ከፊቴ ላይ ያነበበው ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

«ይቅር» አለ።

ምድር ቤት ወዳለው ክፍል እንዲዛወር፣ ወደ ነፍሳት መደርደሪያውም እንዳይገባ ተወሰነ። እሺ ብሎ ወጣ። ንጹሕ ሰው ይከራከራል፣ ይጮኻል። እርሱ ግን እሺ አለ።

ሐምሌ 14

ቅጠሎቹን በሣጥን በሣጥን አድርጎ አወጣ። አላገዝኩትም፤ ማገዝ ከከሰሰ ሰው አይጠበቅም። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና በሩ ላይ ቆመ።

«ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ወስደሽ አንድ ጊዜ እዪው። በእኔ ይሁንብሽ።»

ወደ መስኮቱ አልወሰድኩትም። የጠረጠርኩትን ሰው ምክር ከተከተልኩ ጥርጣሬዬ ምን ትርጉም ይኖረዋል? ደግሞም መስኮቱ ሥር ወለሉ ውኃ ቋጥሯል።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከጀርባዬ ወረቀት ሲገለጥ የምሰማው ድምፅ የለም። ለሥራ የተሻለ ነው። ሁለት ጊዜ ዘወር ብዬ አየሁ፤ ልማድ ነው።

ሐምሌ 19

ኃላፊው ንግግሬ በጉባኤው የመጀመሪያ እንዲሆን ማድረጋቸውን በደስታ ነገሩኝ። ለአዲሱ አስተኔ ስም መርጬ እንደሆነ ጠየቁኝ። መርጫለሁ። እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ደስ ይላል አለ፤ ከአንገት በላይ ነበር። ስለዚህ በረንዳው ላይ ከቅጠሎ ጋር ሲነጋገር እንደደረስኩበት ነገርኩት። የክስ ማመልከቻውንም ነገርኩት፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ከክፍሉ አስወጣሽው?»

«አልተከራከረም።»

«እንዴት ይከራከራል? ሰውየው የደወለልኝ እኮ እንዴት አድርጎ ቢነግርሽ እንደማትቀየሚው ሊጠይቀኝ ነው። እኔም አላውቅም አልኩት። አንቺን ማረም ማለት አንቺን ማጣት ነው የሚመስለው። እህቴን ዓመት ሙሉ ፊት ነስተሻታል፤ ልጃችን የተወለደበትን ቀን ስተሽ ስላረመችሽ።»

ምን ሊነግረኝ እንደነበረ ጠየቅኩት። ስለ መብራት አንድ ነገር ነው፣ የሙያ ነገር ስለሆነ አልገባኝም አለ። ተጣልተን ተኛን።

እህቱን በሚመለከት ላስመዘግብ የምፈልገው አለ። በቀኑ እርሷ ትክክል ነበረች። አነጋገሯ ግን በእንግዳ ፊት ነበር።

«ስለ መብራት አንድ ነገር» የሚለው ውኃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ቅጠሎ ባለቤቴንም አሳምኖታል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 24

ማይክሮስኮፑ ከጥገና ተመለሰ። ተበላሽቷል። መስመሯን ጉብ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ።

ለጥገና ማን እንደላከው፣ በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅ አለብኝ።

በዚያው ቀን፣ በኋላ

መሣሪያውን ፈተሽኩ። ቅርጹን በርግጠኝነት የማውቀውን ነገር ማየት በቂ ስለሆነ አንድ ስፒል ወስጄ ክብ ራሱን ከሥሩ አስቀመጥኩ። ክብ ሆኖ፣ ጉብ ብሎ ታየኝ። መሣሪያው ደኅና ነው።

ያንኑ ስፒል ወደ ካሜራው ወሰድኩት።

ጉድጓድ።

ሐምሌ 25

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ በሥርዓቱ እጽፈዋለሁ።

ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ለምዷል። አንድን ጠፍጣፋ ምስል ስናይ ጥላው ከታች ከሆነ ነገሩ ጉብ ያለ ነው፣ ጥላው ከላይ ከሆነ ጎድጓዳ ነው ብለን ሳናስበው እንፈርዳለን። ብርሃኑ ከታች ሲመጣ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ጉብታው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ጉብታ ይሆናል። በሁለት ዓይን የሚያይ ሰው በዚህ በቀላሉ አይታለልም፤ በካሜራ የሚያይ ግን ይታለላል። ለዚህ ነው መብራት ሁልጊዜ ከማዶ፣ ከግራ በኩል የሚተከለው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ጥርጣሬ ሲኖር ከድንጋዩ ጎን ቅርጿ የታወቀ አንዲት ፍሬ አስቀምጡ፣ እርሷ ጉድጓድ ሆና ከታየቻችሁ መብራታችሁን አዙሩ እያልኩ አስተምሬያለሁ። ምስርም ትበቃለች እያልኩ።

ጠረጴዛዬን ወደ በሩ ያስጠጋሁ ቀን መብራቱን ከራሴ ወገን አሰርኩት፤ በምስሉ ላይ ሲታይ ከታች ማለት ነው። ሽፋኑ ባለበት ግማሽ ላይ ያለችው መስመር ቦይ አይደለችም፤ ጉብታ ናት። የተደፈጠጠ ጥንዚዛ ደረት ላይ እንዲህ ያለ ሰያፍ ጉብታ ሲገኝ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ተጣጥፎ የቀረ እግር፣ ደለሉ ከላይ ሲጫነው ደረቱን ገፍቶ የወጣ። ስፌት አይደለም። እግር ነው። በሁለት ዓይኔ ሳየው የእግሩን አንጓ ሳይቀር ለየሁት። ጥንዚዛው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ፣ በየሙዚየሙ መሳቢያ የሞላ ተራ ዋናተኛ ነው።

የሁለቱን ግማሾች መስማማት እንደ ሁለት ምስክር ቆጠርኩት። ሁለቱንም የጠየቅኳቸው ግን በአንድ መብራት ነው።

ወንጀል የፈለግኩበትን እያንዳንዱን ነገር መልሼ አየሁት። መብራቱ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ትክክለኛው ቦታ ነበር። እኔ ሁልጊዜ መለስኩት። ምስሯን በጣቴ አንስቼ ጣልኳት፤ በስክሪኑ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አላየኋትም። «በስክሪኑ ነው ወይስ በዓይንሽ?» ያለኝ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይበል?

በግልጽ ይበል፤ ይህም ይቻል ነበር። በግልጽ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምመልስለት ለመገመት ሞከርኩ። ገመትኩት። አልጽፈውም።

ሐምሌ 29

ለኃላፊው ነገርኳቸው። ድንጋዩንም አሳየኋቸው፤ በመጀመሪያ በአንደኛው ብርሃን፣ ከዚያ በሌላው። ገባቸው። በሩን ዘጉ።

«ዶክተር፣ ይህን ድንጋይ ከእርስዎ ሌላ ማን አይቶታል?»

በማጉያ ማንም እንዳላየው ነገርኳቸው።

«እንግዲያው የአመለካከት ጉዳይ ነው። ንግግሩን ያድርጉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ተነሥቶ ሌላ ነገር ቢል ሳይንስ ማለት ይኸው አይደል?»

ለማሰብ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ይህን እጽፈዋለሁ፤ ወዲያው እምቢ አላልኩም። ደረጃውን ስወርድ ሃያ ዓመት ሲስቁ የኖሩትን ፊቶች አንድ በአንድ እያሰብኩ ነበር። ፎቶግራፎቹ አሉ፤ ሁሉም በዚያው ብርሃን የተነሡ ናቸው፤ ማንም ቢያያቸው ቦይ ነው የሚያየው። የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ምድር ቤት ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ቅጠሎ እንደማይናገር እርግጠኛ መሆኔ ነው። በስድስት ሳምንት ጥርጣሬ ውስጥ ስለ እርሱ እርግጠኛ የሆንኩበት ብቸኛ ነገር ይህ ሆነ፤ ይህንንም ልጠቀምበት ስመዝን ራሴን አገኘሁት።

ነሐሴ 2

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የምለውን በቃሌ አጥንቼ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የቅጠል ሣጥኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ተቀምጦ በብሩሽ አንድ ድንጋይ ያጸዳል።

«ተቀመጪ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ተጠንቀቂ።»

«እግር ነው» አልኩት። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አዎ፣ በግራ በኩል ያለው።»

«የጥንዚዛው ማለቴ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እሰይ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው።

ለምን በግልጽ እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ልጠይቀው መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠየቅኩት።

«አንቺን በግልጽ መንገር ድፍረት ይጠይቃል፣ እህት ዓለም። እኔ ያለኝ ምስር ብቻ ነው።»

ሳቅኩ። እርሱ አልሳቀም። «ሌባ ብለሽኛል» አለ። «በኃላፊው ፊት። እንደዚያ ባለ ቃል አልጻፍሽውም፣ አውቃለሁ፤ አንቺ እንዲህ ዓይነት ቃል አትጽፊም። ግን ብለሽኛል።»

ብያለሁ አልኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ስጀምር እጁን አነሳ። ዛሬ አይደለም አለኝ። ዛሬ ከጠየቅሽኝ እሺ እላለሁ፣ እሺ ስል ደግሞ ምን እንደምታስቢ አይተነዋል አለኝ።

ወደ ክፍላችን እንዲመለስ ለኃላፊው እንደምናገር ነገርኩት። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«እዚህ አያፈስም» አለ፤ ብሩሹንም አነሣ።

ነሐሴ 5

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ትክክል እንደነበረ አላነሳም። መሐረቡንም አላወጣም። «ታዲያ ንግግሩን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

አደርገዋለሁ አልኩት። ሌላ ንግግር ነው።

እህቱን ለእሑድ ምሳ ጋበዝኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መምጣቷን እንደተጠራጠርኩ ተረዳሁ። ለመጠራጠር አንዳች ምክንያት አልነበረኝም።

ነሐሴ 14

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ነበርኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ኃላፊው የፊት ረድፍ ላይ ከበላዮቻቸው መካከል ተቀምጠዋል፤ ምን ልናገር እንደሆነ ትናንት አሳውቄያቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

ፎቶግራፉን አሳየሁ። ሁሉም ቦዩን አየ። አንዳንዶች ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፤ የፈራሁት ቅጽበት እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ለአንድ አፍታ ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ነገር በፊታቸው ላይ ነበር። ከዚያ በሌላ ብርሃን የተነሣውን ሁለተኛውን አሳየሁ። እግር መሆኑን፣ የተሳሳትኩትም እንዴት እንደሆነ ተናገርኩ። ስህተቱን ያየው በዚህ ተቋም የቅጠል ቅሪት የሚያጠናው ባልደረባዬ መሆኑን፣ እኔ ግን ሊነግረኝ የሞከረውን እንደ ክፋት ቆጥሬ እንደከሰስኩት፣ ክሱም መሠረት እንደሌለው ተናገርኩ። ይህኛው ክፍል በጽሑፉ ላይ አልነበረም። ለኃላፊውም አላሳወቅኳቸውም።

አንድ አዛውንት ተመራማሪ እጃቸውን አነሡ። ወደ ውኃ ሁለት ጊዜ ገብተዋል የሚለው ሐሳቤስ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሐሳቡ አለኝ። ማስረጃ የለኝም» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር።

ስወጣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ፣ «ዳኛዋ በራሷ ላይ ፈረደች» ሲሉ ሰማሁ። በምን ዓይነት ድምፅ እንደተባለ ለመለየት ፍጥነቴን ቀነስኩ። ልለየው አልቻልኩም። ደረጃው ሥር ቆሜ ጥቂት ጠበቅኩ፤ ከዚያ መጠበቄን ተውኩት።

ቅጠሎ በአዳራሹ አልነበረም። ወይም ከኋላ ነበር፤ አላየሁትም።

ነሐሴ 16

ድንጋዩን ወደ ተራ ዋናተኞቹ መሳቢያ ማዛወር ነበረብኝ። በሙያችን አንድ ናሙና ሲለይ የለየው ሰው ትንሽ መለያ ወረቀት ላይ የዝርያውን ስምና የራሱን ስም ጽፎ ከጎኑ ያኖራል። ሌላ ሰው ሲያርመው የራሱን መለያ ይጨምራል፤ የቀድሞው ግን አይነሣም። የተሳሳተውም ከእነ ስሙ፣ ናሙናው እስካለ ድረስ፣ ከትክክለኛው ጋር ይኖራል። በየመሳቢያው የሙታንን ስህተት አንብቤያለሁ፤ አንዳንዴም ፈገግ እያልኩ።

እኔ በሰኔ የጻፍኩት መለያ ከድንጋዩ ጋር ነበር። አዲሱን አስተኔ፣ የመረጥኩለትን ስም፣ የራሴንም ስም ይዟል።

ማረሚያውን መጻፍ የነበረበት ያየው ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ግማሾች በሣጥን ይዤ፣ ባዶ መለያ ጨምሬ፣ ምድር ቤት ወረድኩ። እርሱ ጥንዚዛ እንደማይለይ፣ ቅጠል ለቃሚ መሆኑን፣ መሳቂያ እንደማደርገው ተናገረ። ዝርያውን እኔ እንደምነግረው፣ እግሩን ያየው ግን እርሱ መሆኑን ነገርኩት። ብዙ አጉረመረመ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ፣ ብዕሩን በወረቀት ጥግ ሞክሮ፣ በዚያ በማውቀው ጠባብ እጅ ጽሑፍ የዝርያውን ስም ጻፈ፤ ከሥሩም የራሱን። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅን።

መለያውን ሊያኖር ሣጥኑን ሲከፍት የእኔን አየው። አነበበው። ያወጣሁትን ስም ሲያነብ የመጀመሪያው ሰው ነው። በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ ቀና አለ።

«ላውጣው?» አለ። «እዚህ ከእኛ ሌላ ሰው የለም።»

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አድርጎ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ሊፈትነኝ ነው የሚል ሐሳብ መጣ፤ ቆመ፤ ሄደ። ፊቱን አየሁት። እየፈተነኝ አልነበረም።

«ይቆይ» አልኩት።

መለሰው። የራሱን ከሥሩ አኖረ፤ ሣጥኑንም ለእኔ ሰጠኝ።